ማኅተም የሌለው ደጋን፦ ከፓሪስ እስከ ሚርኩር የስድስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

አንደኛ ቀን፦ ፓሪስ፣ ላ ቪሌት

ለዚህ ጉዞ ምክንያት የሆነኝ አንድ ነጋዴ የተናገረው ቃል ነው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቫዮሊን መምህሬ ያወረሱኝን ደጋን ባለፈው ዓመት ለማስገመት ወስጄለት ነበር፤ ነጋዴው ዘንጉን በመብራት ሥር አገላብጦ አየና «ማኅተም የለውም፤ ስለዚህ ዋጋም የለውም» ብሎ መለሰልኝ። በክር ላይ አሳርፎ ድምፁን ለመስማት እንኳ አልሞከረም። መምህሬ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተጫወቱበት ዕቃ ስም ስላልተጻፈበት ብቻ እንዲህ ባጭሩ ሲፈረድበት ከነከነኝ። ስለ ጥንታዊ የፈረንሳይ ደጋኖች ማንበብ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው፤ ያነበብኩትን በዓይኔ ለማየት ደግሞ የዕረፍት ቀኖቼን ሰብስቤ፣ ደጋኑንም በሳጥኑ አድርጌ ዛሬ ጠዋት ፓሪስ ገባሁ።

ሻንጣዬን እንዳስቀመጥኩ የሄድኩት በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በላ ቪሌት መናፈሻ ወደሚገኘው የሙዚቃ ሙዚየም ነው። ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው በጣሊያን ቫዮሊኖች ፊት ነው፤ ደጋኖቹ በተደረደሩበት መስተዋት ፊት ግን ለረጅም ጊዜ ብቻዬን ቆምኩ። የዘመናት ለውጥ እዚያ ላይ ያለ ማብራሪያ ይነበባል።

ማሲንቆ ሲመታ እያየ ያደገ ሰው የጥንቱን የአውሮፓ ደጋን ለመረዳት አይቸገርም። እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የቫዮሊን ደጋን እንደ ማሲንቆው ደጋን ወደ ውጭ የጎበጠ፣ ጫፉ የሾለና ቀለል ያለ ነበር። እንዲህ ያለውን ደጋን ጫን ሲሉት ጭራው ይለዝባል፤ እጅ ከያዘበት ወደ ጫፉ በተሳበ ቁጥርም ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል። ለትንሽ አዳራሽና ለጭፈራ ዜማ ይህ ጉድለት አልነበረም፤ እንዲያውም የዜማው እስትንፋስ ከዚያ ይመጣ ነበር። አዳራሾቹ እየሰፉ፣ የሚጻፈውም ሙዚቃ ረጅም ድምፅ እየጠየቀ ሲመጣ ግን ደጋኑ አልበቃ አለ።

አዲሱ ደጋን ጉብጠቱን ገለበጠው። ዘንጉ መኻሉ ላይ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ጭራው ጎድጉዶ ይወርዳል፤ ጭራው በብሎን ሲወጠር እንጨቱ ወደ ቀደመ ጉብጠቱ ለመመለስ ስለሚታገል፣ ተጫዋቹ በተጫነ መጠን ደጋኑም መልሶ ይገፋዋል። ጭራውን ከዘንጉ አርቆ እንዲይዝ የጫፉ ራስ ከፍና ከበድ ተደረገ። ከዚህ በኋላ ድምፅን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አድርጎ መሳብ፣ ክሩን ነክሶ መልቀቅ፣ ደጋኑንም በክሩ ላይ ማስፈንጠር ይቻላል። በመስተዋቱ ውስጥ በሁለቱ ዓይነት ደጋኖች መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ክንድ አይበልጥም፤ እኔ ግን ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ስመላለስ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም።

ሁለተኛ ቀን፦ ከሴን ወንዝ ዳር እስከ ክርዋ ደ ፕቲ ሻን ጎዳና

ዛሬ የዋልኩት በእግሬ ነው። (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከፖን ኔፍ ድልድይ አጠገብ፣ በሴን ቀኝ ዳር፣ ዛሬ የሉቭር ወደብ ዳርቻ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ቀድሞ ኬ ደ ሌኮል የሚባል ሰፈር ነበር። የዘመናዊው ደጋን አባት የሚባለው ፍራንስዋ ግዛቪዬ ቱርት በዚያ ሰፈር በ10 ቁጥር ቤት ይሠራ ነበር። የቤቱን ምልክት ፈልጌ አላገኘሁም፤ በድልድዩ ግንብ ላይ ተደግፌ ወንዙን አየሁ። ቱርት ማምሻውን እዚህ ውኃ ዳር ዓሣ ማጥመድ ይወድ እንደነበር ተጽፏልና ይህም ቤቱን እንደማየት ሆነልኝ።

ቱርት በ1747 ገደማ ተወልዶ በ1835 ሞተ። አባቱ ኒኮላ ፒየርም ታላቅ ወንድሙ ኒኮላ ሌዮናርም ደጋን ሠሪዎች ነበሩ፤ እሱን ግን በልጅነቱ ያስገቡት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነው። በዚያ ሙያ ስምንት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሥራ ተመለሰ። የቤልጅጉ የሙዚቃ ሊቅ ፌቲስ በ1856 እንዳሳተመው፣ ቱርት ማንበብና መጻፍ አልተማረም፤ እጁንና ዓይኑን ለማሠልጠንም ከስኳር በርሜል በወለቁ ሳንቃዎች ደጋን እየሠራ በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በእኔ ግምት ሰዓት ሠሪነቱ ከንቱ አልቀረም፤ የሚሊ ሜትር ሽራፊን በጣቱ የሚለይ ሰው ያደረገው ያ ዘመን ይመስለኛል።

ጣሊያናዊው ቫዮሊኒስት ጆቫኒ ባቲስታ ቪዮቲ በ1782 ፓሪስ ሲገባ የአጨዋወቱ ኃይልና የድምፁ ርዝመት ከተማውን አስደነቀ። ከቱርት ጋር ተመካክረው እንደሠሩ ይነገራል፤ የትኛው ሐሳብ የማን እንደነበር ለይቶ ማስቀመጥ ግን አይቻልም። የታወቀው ውጤቱ ነው፤ የቫዮሊን ደጋን ርዝመት ወደ 74 እና 75 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 60 ግራም ግድም ረጋ። ቱርት ዘንጉን ጎባጣ አድርጎ ከመጥረብ ይልቅ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ቀጥ አድርጎ ያወጣና በእሳት ሙቀት ያጎብጠዋል፤ ጅማቱ ስለማይቆረጥ የእንጨቱ ጉልበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበተን ይኖራል። ቀድሞ እየተጠቀለለ ክብ ገመድ ይሆን የነበረው ጭራም በብር ቀለበትና በእንጨት ሽብልቅ ተይዞ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሆነ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው በሥራው ላይ ስሙን አያትምም ነበር። ከእጁ የወጡትን ደጋኖች የሚለዩት ባለሙያዎች በራሱ ቅርፅ፣ በቢላው አካሄድ፣ በመጠኑ ነው። በጣት በሚቆጠሩ ደጋኖች ውስጥ ብቻ፣ ጭራው በሚገባበት ጉድጓድ ተደብቃ የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት ተገኝታለች፤ ይህን ደጋን ቱርት በ1824፣ በ77 ዓመቱ እንደሠራው ትናገራለች። ያ ነጋዴ በመቶ ሺህ የሚገመተውን የቱርትን ደጋን ያለ ወረቀት ቢያመጡለት ምን ይል ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ክርዋ ደ ፕቲ ሻን ጎዳና ተሻገርኩ። በምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሚርኩር ተወልዶ ፓሪስ የገባው ዣን ባፕቲስት ቪዮም (1798–1875) ሱቁን የከፈተው በዚህ ጎዳና ነው። ቪዮም ቫዮሊን ሠሪ፣ ነጋዴና የፈጠራ ሰው ነበር፤ ከባዶ የብረት ቱቦ የተሠራ ደጋን፣ ተጫዋቹ ራሱ ጭራ የሚቀይርበት ደጋን፣ ከመያዣው (ጭራው በእጅ በኩል ከሚታሰርበት ክፍል) ዓይን ውስጥ በደቃቅ መነጽር የሚታይ ፎቶግራፍ ያለበት ደጋን አውጥቷል። ከእነዚህ ብልሃቶች በላይ የምቆጥርለት ግን የቱርትን ዘንጎች ለክቶ ለፌቲስ የሰጠውን ስሌት ነው። ዘንጉ ከመያዣው ጀምሮ ለ110 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረቱ 8.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይጸናል፤ ከዚያ ወደ ራሱ እየቀጠነ 5.3 ይደርሳል፤ እያንዳንዱ የ0.3 ሚሊ ሜትር ቅነሳ የሚፈጸምበት ርቀትም ወደ ጫፉ በተጠጉ ቁጥር እያጠረ ይሄዳል። ቪዮም ይህን በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። ቱርት ግን ቀመሩን ሳያውቅ በእጁ ደርሶበት ነበር።

የቪዮም ማኅተም የታተመባቸው ደጋኖች በራሱ እጅ የተሠሩ አይደሉም። ፔርስዋ፣ ዶሚኒክ ፔካት፣ ፒየር ሲሞን፣ በኋላም ፍራንስዋ ኒኮላ ቭዋራን በዚያ ቤት ለእሱ ሠርተዋል፤ በዘንጉ ላይ ያረፈው ስም ግን የባለ ሱቁ ነው። ስለዚህ ማኅተም የሌለው ደጋን ሠሪው እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ማኅተም ያለውም ብዙ ጊዜ የሚናገረው የሻጩን ስም እንጂ የሠሪውን አይደለም። ይህን ሳሰላስል ደጋኔን ከነሳጥኑ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ነበር።

ሦስተኛ ቀን፦ ወደ ሚርኩር

ከምሥራቅ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር እስከ ናንሲ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ከዚያ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶብስ ተጓዝኩ። ሎሬን ረባዳና አረንጓዴ አገር ነው፤ ዝናብ ሲያካፋ ዋለ። ሚርኩር ስደርስ መሽቶ ነበርና ከማዶን ወንዝ ድልድይ በቀር ያየሁት የለም።

አራተኛ ቀን፦ ሚርኩር

በጠዋት ስወጣ ያገኘሁት ከተማ አምስት ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት ጸጥተኛ ከተማ ነው። የፈረንሳይ ቫዮሊንና ደጋን ሥራ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የኖረው ግን በዚህ ነው። ሴቶቹ በዳንቴል ሥራ፣ ወንዶቹ በቫዮሊንና በደጋን ሥራ ይታወቁ ነበር። ልጅ በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ከአባቱ ወይም ከጎረቤት ባለሙያ ሥር ይገባና እጁ ሲፈታ ወደ ፓሪስ ይሄዳል። በዋና ከተማው ስማቸው የገነነው አብዛኞቹ ሠሪዎች ከዚህች ወንዝ ዳር የወጡ ናቸው።

የቫዮሊንና የደጋን ሥራ ሙዚየሙ ውስጥ ግማሽ ቀን ቆየሁ። ዶሚኒክ ፔካት እዚህ በ1810 ከፀጉር አስተካካይ አባት ተወለደ፤ በ1826 ገና በ16 ዓመቱ ወደ ቪዮም ቤት ሄደ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ የደጋን ሠሪውን የፍራንስዋ ሉፖን የሥራ ቤት ተረከበ፤ በ1847 ወደ ትውልድ ከተማው ተመልሶ እስከ 1874 ኖረ። የፔካት ደጋን ራሱ እንደ መጥረቢያ ምላጭ ሰፋ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ቱርት ያቀጠነውን እሱ በድፍረት ያጎላዋል፤ ድምፁም እንደዚያው ሙሉና ክብደት ያለው ይሆናል። ከእሱ በኋላ የመጣው ቭዋራን (1833–1885) በተቃራኒው ሄደ፤ ዘንጉን አቀጠነ፣ ራሱን አሳነሰ፣ የጉብጠቱንም ጥልቀት ወደ ጫፉ አስጠጋው። ቀለል ያለና ፈጣን ደጋን ለሚሹ ተጫዋቾች ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር። በ1871 እዚሁ የተወለደው ኤዤን ሳርቶሪ ደግሞ ዘንጉን መልሶ አጠንክሮ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለብቻቸው ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች ኃይለኛ ደጋን አበጀላቸው፤ ዛሬም በትልልቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የሳርቶሪ ደጋን የያዘ አይታጣም። እኔ ከሦስቱ ብመርጥ የፔካትን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ የጆሮ ጉዳይ ስለሆነ አልከራከርበትም።

ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ያለው ሕዝብ ግን ብዙ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትልልቅ ፋብሪካዎች በከተማዋ ተከፍተው ነበር፤ በዚያ አንዱ ዘንግ ያወጣል፣ ሌላው መያዣ ይሠራል፣ ሦስተኛው ጭራ ያስራል። ደጋኖቹ በደርዘን እየታሰሩ ያለ ማኅተም ወደ ፓሪስ፣ ወደ ለንደንና ወደ ኒው ዮርክ ይላኩና ባለ ሱቆቹ የየራሳቸውን ስም ያትሙባቸዋል። ያልታተመባቸውም እንዲሁ ይሸጣሉ። የቀኑን ድርሻ ለመሙላት ከሚቸኩሉት ሠራተኞች መካከል እጀ ብርቱዎች እንደነበሩ ሥራቸው ይመሰክራል። ስማቸውን ግን ማንም አልጻፈውም።

አምስተኛ ቀን፦ በደጋን ሠሪው ቤት

ሚርኩር የቫዮሊን ሥራ ትምህርት ቤት በ1970 ተከፍቶባታል፤ በማግሥቱ ዓመት የደጋን ሥራም በትምህርት ተጀመረና ሊሞት የቀረበው ሙያ ዳነ። ዛሬ የተቀበሉኝ ሽማግሌ ደጋን ሠሪ በዚያ ዘመን ከተማሩት አንዱ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልወደዱ አልጽፈውም። በደብዳቤ ቀጠሮ ይዤ ነበርና በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

የሥራ ጠረጴዛቸው ከመስኮቱ ሥር ነው። መጀመሪያ ያሳዩኝ እንጨቱን ነው። ፐርናምቡኮ በብራዚል አትላንቲክ ዳርቻ ደን ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ አገሪቱ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። አውሮፓውያን ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይጭኑት የነበረው ለደጋን ሳይሆን ለቀይ የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር፤ ደጋን ሠሪዎች እንጨቱን ያገኙት ከዚህ ንግድ ተርፎ ነው። ክብደቱ፣ ጥንካሬውና የመመለስ ኃይሉ ተስማምተው የሚገኙበት ሌላ እንጨት እስከ ዛሬ አልተገኘም ማለት ይቻላል። እርሳቸው አንድ ቁራጭ በጣታቸው ይዘው ጠረጴዛው ላይ ጣሉት፤ እንደ ብረት ደወል ጮኸ። ሌላውን ጣሉት፤ ደነቆረ። «ይህ ለማገዶ ነው» አሉኝ። በኋላ እጃቸውን በሳሙና ሲታጠቡ ውኃው ወይን ጠጅ ቀለም ይዞ ሲፈስ አየሁ።

ደኑ እየተመነጠረ ስላለቀ ዛፉ ከ2007 ጀምሮ ለጥፋት የተጋለጡ ዝርያዎች ንግድ በሚመራበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። በ2022 በፓናማ በተደረገው ጉባኤ ብራዚል ወደ ጥብቁ አንደኛ ዝርዝር እንዲሸጋገር ጠየቀች፤ ከብዙ ክርክር በኋላ በሁለተኛው ሆኖ ደንቡ ይበልጥ እንዲጠብቅ ተስማሙ። ሽማግሌው በዚህ ጉዳይ ላይ ብራዚልን አይወቅሱም። አንድ ዘንግ ለማውጣት ከሚገዙት እንጨት አብዛኛው በመላጊያ ሥር እንደሚጠፋ ነገሩኝና፣ በወጣትነታቸው የገዙት ክምችት ለቀረው ዕድሜያቸው እንደሚበቃቸው፣ ለተማሪዎቻቸው ግን እንደሚያሳስባቸው ጨመሩበት። ሙዚቀኛውም ሆነ ሠሪው ለዛፉ መትከል ገንዘብ ማውጣት አለባቸው ብዬ አምናለሁ፤ የበላነውን ዕዳ መክፈል ነው።

ሥራው ሲጀመር ንግግሩ አለቀ። ዘንጉ መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ስምንት ማዕዘን ይሆናል፤ አንዳንዱ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል፣ አንዳንዱ ይድቦለቦላል። ራሱ ከዚያው እንጨት ሳይነጠል የሚቀረጽ ነው። የአልኮል መብራቱን ለኩሰው ዘንጉን ከነበልባሉ በላይ እያመላለሱ አንድ ጣት በሚያህል ቦታ ያሞቁና በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተጭነው ጥቂት ያጎብጡታል፤ ቀዝቅዞ እስኪጸና ይጠብቃሉ፤ ወደሚቀጥለው ቦታ ያልፋሉ። ሙቀቱ እስከ እንጨቱ እምብርት ካልደረሰ ጉብጠቱ በዓመት ውስጥ ይመለሳል፤ ከበዛ ደግሞ እንጨቱ ያራል። መለኪያው ሽታውና የመዳፋቸው ስሜት ነው። በየመኻሉ ዘንጉን ወደ መስኮቱ አቅንተው በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፣ በሁለት እጃቸው ለምጥ ያደርጉታል፣ ከዚያ ከደካማው ቦታ ሳይሆን ከጠንካራው ቦታ ላይ ቀጭን ልጭ ያነሣሉ። ሁለት ዘንግ አንድ ዓይነት ስለማይሆን የቪዮም ቀመር የሚረዳው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱን መስማት ነው።

ምሳ ከበላን በኋላ ሳጥኔን ከፈትኩላቸው። ስለ ነጋዴው ምንም አልነገርኳቸውም። ደጋኑን ተቀብለው መጀመሪያ ጭራውን ፈቱት፤ ፈረንሳዮች ኦስ የሚሉትን የዞጲ መያዣ አውልቀው ለብቻው አስቀመጡት፤ ዘንጉን ብቻ ይዘው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በአጉሊ መነጽር ራሱን እያሳዩኝ፣

«እዚህ ጠርዝ ላይ ይመልከቱ። ቢላው ከላይ እስከ ታች የሄደው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ አልተመለሰም፤ በሞረድም አልተስተካከለም። ይህ ሰው በሺህ የሚቆጠሩ ራሶች የቀረጸ ነው» አሉኝ።

ዘንጉ ጥሩ ፐርናምቡኮ እንደሆነ፣ ቅርፁ ከ1880ዎቹ እስከ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባለው ጊዜ በዚችው ከተማ ይሠራ የነበረውን እንደሚመስል፣ ኦሱ ግን ከሌላ ደጋን ተወስዶ በኋላ የተገጠመ መሆኑን አስረዱኝ። ኦሱ ከዘንጉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት የወረቀት ክር የምታህል ክፍተት ነበረች፤ እኔ በዓመታት አላየኋትም።

«ማን እንደሠራው ይገምታሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ስም ብሰጥዎት እዋሻለሁ። በዚህ ጎዳና ላይ የነበረ ሰው ነው።»

መልሱ አላሳዘነኝም። ስለ ዋጋውም አልጠየቅሁም።

ስድስተኛ ቀን፦ አዲስ ጭራ

ደጋኑን አዲስ ጭራ እንዲያስሩለት ትቼው ስለነበር ጠዋት ተመለስኩ። ጭራው ከሞንጎሊያ የመጣ የነጭ ፈረስ ጭራ ነው፤ ለአንድ ደጋን ከ150 እስከ 200 የሚደርስ ፀጉር ይገባል። እርሳቸው አይቆጥሩትም፤ ሁለቱን ጣቶቻቸውን ገጥመው ውፍረቱን ይለካሉ። አንዱን ጫፍ በክር አስረው ቋጠሮው እንዳያመልጥ ሮዚን በሚባል የዛፍ ሙጫ ነክረው በእሳት ካደነደኑት በኋላ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ በእንጨት ሽብልቅ ይቀረቅሩታል፤ ፀጉሩን አርጥበው በማበጠሪያ ያበጥራሉ፤ ሌላውን ጫፍ በኦሱ ውስጥ ያስራሉ፤ በመጨረሻም ከብር ቀለበቱ ሥር ቀጭን ሽብልቅ አስገብተው እንደ ጥብጣብ ይዘረጉታል። ሽብልቆቹ ያለ ሙጫ፣ በልካቸው ብቻ ነው የሚይዙት።

እየሠሩ ሳለ ስለ አገሬ መሣሪያ ጠየቁኝ። ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ እንዳለው፣ ክሩም የደጋኑ ፀጉርም ከፈረስ ጭራ እንደሚሠሩ ስነግራቸው ማበጠሪያውን አስቀመጡ። ፀጉር በፀጉር ላይ ተፈግፍጎ እንዴት ድምፅ እንደሚያወጣ፣ ክሩ ስንት ፀጉር እንዳለው፣ ምን ዓይነት ሙጫ እንደሚቀባ አከታትለው ጠየቁ፤ የማውቀውን ያህል መለስኩ። ደጋኑ ግን የታጠፈ በትር ብቻ እንደሆነ፣ ብሎንም እንደሌለው በወረቀት ላይ ስስልላቸው ሥዕሉን አንሥተው ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀሉት።

ደጋኑ ሲያልቅ በራሳቸው ቫዮሊን ላይ ሞከርኩት። የታችኛውን ክር ከመያዣው እስከ ጫፉ በዝግታ ሳብኩ፤ ድምፁ ጫፉ ላይ ሲደርስ አልሳሳም። መምህሬ በመጀመሪያው ትምህርት ቀን ያሠሩኝ ይህንኑ ነበር፤ አንድ ክር፣ አንድ ረጅም ስበት፣ ዜማ የለም። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰምተው «አንድ ጊዜ ይድገሙት» አሉኝ። ደገምኩት።

ሒሳቡን ከፍዬ ልወጣ ስል ከእስሩ የተረፈውን ጭራ ሰብስበው በቀይ ክር አሰሩና በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ለማሲንቆ ክር እንደሚበቃ በጣታቸው ለክተውት ነበር። አሁን ይህን የምጽፈው ወደ ናንሲ በሚሄደው አውቶብስ ውስጥ ነው፤ ጥቅሉ በደጋኑ ሳጥን ውስጥ፣ ከዘንጉ ጎን ተቀምጧል።